ቶር

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ አፉላ፣ ክሊኒኩ በር፣
በእጄ የሩጫ ሰዓት፣ በብብቴ ደብተር፤
አሥራ ሰባት ወንበር፣ ሠላሳ አንድ ሰው፣
መቀመጫ ያጣው ግድግዳ ተንተራሰው።

እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ ድልድይ አልሠራሁም፣
ጡብ በጡብ ደርቤ ፎቅ አላቆምኩም፤
ሥራዬ ለቀማ ነው፣ ከመዝገቡ መስኮት ሥር
የፈሰሰን ደቂቃ ማንሳትና መቁጠር።

አባ ቸኮል ከጥግ፣ ከዘራ በጭናቸው፣
ቁጥር ሃያ ዘጠኝ፣ ስኳር የጋረደው ዓይናቸው፤
ስም ሲያወጡላቸው ምን አስበው ይሆን?
ሲቸኩሉ ያየ የለም ሰባ ዓመቱን።

«አገሩን ሳላውቅ ያኔ፣» አሉኝ እየሣቁ፣
«‹ቶር አለህ› ተባልኩኝ፤ ጆሮዎቼ ነቁ፤
እኔ የሰማሁት ጦር! ከማን ጋር ነው ጦሩ?
ደም ላስመረምር መጥቼ ደም ማፍሰስ ነገሩ?
ወረፋ ነው ለካ። እያደር ሲገባኝ
ስሙ አልተሳሳተም፤ ስንት ሰው ወጋብኝ።»

አንዲት ወንበር አሳዩኝ ከመስኮቱ ሥር፣
የያለምጌጥ ነበረች። ለልቧ ዶክተር
አምስት ወር ቀጠሯት።
አራት ወር ኖረች።

ሰዓቴን ተጫንኩት።
ደም መቅዳቱ ሦስት ደቂቃ፣ ሐኪሙ ዘጠኝ፤
የቀረው ሁለት ሰዓት ከአርባ፣ ቢፈለግ የማይገኝ፣
ማንም ያልሰረቀው፣ ማንም ያልበላው፣
እንዲያው በሰው ጭን ላይ ሲፈስ የዋለው።

ሉድሚላን ጠየቅኳት፣ እግሯ አብጧል በመቆም፤
«እኔ አልተኛሁም፣ ማንም ሰው አልተኛም!»
እውነቷን ነው።
ጥፋቱ ሰው ላይ የለም፣ በሰውና በሰው መካከል ነው፤
ብልቃጡ ትሪ ላይ ጋሪ ይጠብቃል፣
ኢያድ ጋሪው እስኪሞላ ይጠብቃል፣
ላቦራቶሪው ኢያድን፣
ሐኪሙ ላቦራቶሪውን፣
አባ ቸኮል ሐኪሙን፣
ባዶ ሆዳቸው ደግሞ አባ ቸኮልን።

«አይ ልጄ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤
እንቁላልም ቀስ ብሎ በእግሩ ቆመ።»
«አባባ፣ እዚህ ቤት ያፈሰሰው የዘገየው ነው።
እንቁላሉም እግር አውጥቶ ቢመጣ
ቁጥር ቁረጥ ነው የሚሉት።»

ያዘዝኩት መድኃኒት የሚያሳፍር ቀላል፤
ጋሪው ሙላት አይጠብቅ፣ በየሩብ ሰዓቱ ይሂድ፣
ሁለት ብልቃጥ ብቻ ቢይዝ እንኳ ይሂድ፤
ምግብ ሳይቀምሱ የመጡ ይቅደሙ፤
አስተርጓሚዋ ከስልክ ወጥታ በር ላይ ትቁም፤
ለልብ ሕሙማን በየቀኑ ሁለት ቀጠሮ
ባዶውን ይደር።

«ባዶ?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ «ባዶ ማለት ኪሳራ!»
አልኩት፦ እስከ አፉ የሞላ እንስራ
ሳይፈስ አይነሳም።
በሠንጠረዡ ላይ ለእነዚያ ሁለት ክፍት ቦታዎች
ያለምጌጥ ብዬ ስም ጻፍኩ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

በሰባተኛው ሳምንት
ሁለት ሰዓት ከአርባው ሃምሳ ደቂቃ ሆነ።
ኢያድ ጫማ ቀየረ። ሉድሚላ ተቀምጣ ሻይ ጠጣች።
አባ ቸኮል ገና ወንበሩን ሳያሞቁት
ተጠሩ፣ ገቡ፣ ወጡ፣
በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

«አበቃ?»
«አበቃ አባባ፣ ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»
«ማክሰኞዬንስ ማን ወሰደው?
የማን ልጅ እንደዳረ፣ ማን እንዳረፈ፣
የሙጬ ጉልበት እንዴት እንዳደረ
የምሰማው እዚህ አልነበረ?»

ደብተሬን አገላበጥኩ፤
ለዚህ ዓይነቱ ዓምድ አላሰመርኩም።
ከአሥራ ሰባቱ ወንበር አራቱን
እየጎተትኩ አወጣሁ፣ ከባሕር ዛፉ ጥላ።
ዘበኛው፣ «የመንግሥት ንብረት!» እያለ ተከተለኝ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ወንበሮቹ ሞልተዋል፤
ሁሉም ደማቸውን ሰጥተው፣ ታክመው ጨርሰዋል፤
ዳቦ ቆርሰው ይሳሳቃሉ።
«እነዚህስ፣» አለ ዘበኛው፣ «የምን ቶር ይዘው ነው?»
«ጦር የለም፣» አሉት አባ ቸኮል፣ «ዕርቅ ላይ ነን።»

ፎቅ ላይ ግን፣ ዓይን ክፍል፣
ቶሩ ገና አሥራ አንድ ሳምንት ነው።
የእሳቸውም ስም እዚያ አለ።